ሸክላ የሌለበት ብልቃጥ

እኛ ሦስት ነን። ሁለታችን ከአንድ ዶርም፣ ሦስተኛችን ከከተማ እየተመላለሰች የምትማር። የመመረቂያ ጥናታችንን አብረን ከሠራን ወዲህ ስንናገርም ስንጽፍም «እኛ» ማለት ለምዶብናል፤ አንዳችን ብቻውን ሻይ ጠጥቶ ሲመጣ እንኳ «ጠጣን» ይላል እየተባለ ይቀለድብናል። ስለዚህ ከዚህ በታች «ከእኛ አንዱ» ስንል ማንኛችን እንደሆነ አንባቢ አይጠይቀን። ጥፋቱንም ልፋቱንም ለሦስት ተካፍለነዋል።

ጥናታችን ስለ ሸክላ አፈር ነበር። በትክክል ለመናገር፣ ላንታነም የሚባለው ብረት በውሃ ውስጥ ሟሙቶ ሳለ ሸክላ አፈር ሲያገኘው እንዴት አድርጎ እንደሚይዘው። እንዲህ ያለውን ርእስ ለዘመድ ማስረዳት ችግር ነው። ከእኛ አንዱ ለፋሲካ አገር ቤት በሄደ ጊዜ እናቱ «ምን እያጠናህ ነው ልጄ?» ቢሉት በአጭሩ «ጭቃ» ብሎ መለሰላቸው። እማማ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ጭቃውማ እዚህም ነበረልህ» አሉት። ሳቅንበት። ግን ቃላቸው ከጭንቅላታችን አልወጣም፤ ለመሆኑ ጭቃ ምን ይጠናበታል?

እንግዲህ ከላንታነሙ እንጀምር። ላንታነም ብርቅዬ አፈሮች ከሚባሉት አንዱ ነው። ይህ ስም በሁለት በኩል የተሳሳተ ነው፤ ብርቅም አይደሉ፣ አፈርም አይደሉ። ከላንታነም እስከ ሉቴሽየም የተደረደሩት 15 ብረቶች ናቸው፤ ስካንዲየምና ኢትሪየም ሲጨመሩባቸው 17 ይሆናሉ። ከመካከላቸው ሴሪየም የተባለው በምድር ቅርፊት ውስጥ ከመዳብ በማይተናነስ መጠን ይገኛል። «አፈር» መባላቸውም የጥንት ኬሚስቶች በውሃ የማይሟሟውን፣ እሳትም የማይለውጠውን ዱቄት ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ስለነበር ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በስዊድን አገር፣ ከስቶክሆልም ብዙም በማትርቅ ይተርቢ በምትባል መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1787 ካርል አክሰል አሬኒየስ የተባለ የጦር መኮንን እዚያ ካለው የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ አንድ ከበድ ያለ ጥቁር ድንጋይ አገኘ፤ በ1794 ደግሞ ዮሐን ጋዶሊን ድንጋዩን መርምሮ እስከዚያ ያልታወቀ «አፈር» እንዳለበት አስታወቀ። የዚያች መንደር ስም ለአራት ንጥረ ነገሮች ተቆርሶ ተሰጥቷል፤ ኢትሪየም፣ ኢተርቢየም፣ ተርቢየም፣ ኤርቢየም።

ኬሚስቶችን ያደከማቸው የእነዚህ ብረቶች መመሳሰል ነው። በውሃ ውስጥ ሁሉም ማለት ይቻላል ሦስት ፖዘቲቭ ቻርጅ ተሸክመው ነው የሚዞሩት። ልዩነታቸው በመጠን ብቻ ነው፤ እሱም እንግዳ ነገር ነው፤ ከላንታነም ወደ ሉቴሽየም ሲኬድ አዮኑ እየከበደ ሳለ መጠኑ እየኮሰመነ ይመጣል። አንዱን ከሌላው አበጥሮ ለመጨረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

አሁን ወደ ሸክላው። ይህች መጽሔት በማባዣ የምትታተም ስለሆነች፣ በስቴንስል ላይም ሥዕል መሣል ወረቀቱን መቅደድ ስለሆነ፣ አንባቢ በሐሳቡ ይሣልልን።

ሸክላ እጅግ ቀጫጭን ሆኖ የተደራረበ ገጽ ነው። አንዱ ገጽ የሲሊከንና የኦክስጅን፣ ሌላው የአሉሚኒየምና የኦክስጅን። በካኦሊን ውስጥ ሁለቱ አንድ ላንድ ተጣብቀው ይደረደራሉ። በከተማችን ዳር ባለው በጥቁሩ አፈር፣ በመረሬው ውስጥ ደግሞ አሉሚኒየሙ በሁለት የሲሊከን ገጾች መሐል እንደ ሳንዱች ተጨምቆ ይገኛል፤ በክረምት ውሃ በየመሐሉ ገብቶ ያሳብጠዋል፣ በበጋ ወጥቶ ይሰነጥቀዋል። በሐምሌ ጫማ የሚነጥቀን፣ በጥር ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍተው ይኸው ነው።

በእነዚህ ገጾች ላይ አንድ ጉድለት አለ። እዚህም እዚያም ሲሊከን ሊቀመጥ በሚገባው ስፍራ አሉሚኒየም፣ አሉሚኒየም ሊቀመጥ በሚገባው ስፍራ ማግኒዚየም ተቀምጧል። ተተኪው ቻርጁ ስለሚያንስ በገጹ ላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይተርፋል። ይህ ከሸክላው ጋር የተወለደ ዕዳ ነው፤ ሸክላው ሊከፍለው ስለማይችል በአጠገቡ የሚያልፉትን ፖዘቲቭ አዮኖች እየሳበ ያቻችለዋል። መረሬው ይህ ዕዳ በብዛት አለበት፣ ካኦሊን ጥቂት። ካኦሊን የበለጠ የሚሠራው በጠርዙ ነው። ገጹ በተቆረጠበት ጫፍ ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ተንጠልጥለዋል፤ ውሃው አሲድ ሲሆን ጠርዙ በሃይድሮጅን ይሞላና ብረቱን አያስጠጋም፤ ፒኤች ከፍ ሲል ሃይድሮጅኑ ይለቅና ቦታው ይከፈታል።

ላንታነምስ? ላንታነም በውሃ ውስጥ ራቁቱን አይሄድም። የውሃ ሞለኪዩሎች ከብበውት ነው የሚሄደው፤ እሱና ጎረቤቶቹ ዘጠኝ ዘጠኝ፣ በዝርዝሩ መጨረሻ ያሉት ትናንሾቹ ስምንት ስምንት። እኛ ይህን «ጋቢ» ብለን ሰየምነው፤ በሪፖርቱ ላይ ግን እንዲህ ብለን አልጻፍንም። ወደ ሸክላው ሲመጣ አንዳንዴ ጋቢውን ሳያወልቅ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። የሚይዘው የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ መሳሳብ ብቻ ስለሆነ ሌላ አዮን በብዛት ከመጣ፣ ለምሳሌ ሶዲየም ወይም አሞኒየም፣ «እስቲ ተነሥ» ተብሎ ይነሣል። አንዳንዴ ደግሞ ከጋቢው ከፊሉን አውልቆ ይገባና ከጠርዙ ኦክስጅን ጋር ያለ አማላጅ ይያያዛል። ይህኛውን ጨው አያስነሣውም። በጨዋማ ውሃ ውስጥ ደጃፉ በሶዲየም ሲጨናነቅ ሸክላው ከባዶቹንና ትናንሾቹን ብርቅዬ አፈሮች ከቀላሎቹ አብልጦ ሲይዝ የታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትንሹ ወደ ኦክስጅኑ ይበልጥ ተጠግቶ ይያያዛል።

ሦስተኛም አለ። ሦስተኛው መያዝ ሳይሆን መውደቅ ነው። ውሃው ቤዝ እየሆነ ሲሄድ ላንታነም ከውሃው ራሱ ጋር፣ ወይም ከአየር ከገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል። ሸክላ ኖረም አልኖረም ይዘቅጣል። እኛም የወደቅነው በዚህ በሦስተኛው ነው።

ካኦሊናችን ከቦምቦውሃ የመጣ ነው፤ በደቡብ፣ በጉጂ ምድር የሚገኝ፣ የሐዋሳው ሴራሚክ ፋብሪካ ሲጠቀምበት የኖረ፣ ግራኒት አርጅቶ የሆነው ነጭ አፈር። የመረጥነው ንጹሕ ስለሆነ እንጂ ማዕድን ፍለጋ አልነበረም፤ «ሀብታም ልትሆኑ ነው አሉ» እያላችሁ ለቀለዳችሁብን መልሳችን ይኸው ነው። ካኦሊን የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከቻይና ነው። ጂያንግሺ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ጂንግደጀን ከምትባለው የታወቀች የፖርሴሊን ከተማ አጠገብ ጋውሊንግ የምትባል ስፍራ አለች፤ ትርጉሙ «ከፍ ያለ ጋራ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1712 ዳንትረኮል የተባለ ፈረንሳዊ የኢየሱሳውያን ቄስ ስለ ፖርሴሊን አሠራር ወደ አገሩ በላከው ደብዳቤ የአፈሩ ስም አብሮ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። አንባቢ ጂያንግሺን ያስታውስልን፤ እንመለስበታለን።

አሠራራችን ቀላል ነበር። በሊትር 14 ሚሊግራም ያህል ላንታነም ያለበት ውሃ አዘጋጀን። ከፒኤች 3 እስከ ፒኤች 9 ሰባት የብርጭቆ ብልቃጥ ደረደርን፤ በየአንዳንዱ እኩል ካኦሊን ጨመርን። ሌሊቱን መነቅነቅ ነበረበት። መነቅነቂያው ማሽን ተበላሽቶ ስለነበር ተራ ገብተን በየሩብ ሰዓቱ በእጃችን ነቀነቅን፤ ሲነጋ ክንዳችን የእኛ አልመስል አለን። ከዚያ በሴንትሪፉጅ አዙረን ሸክላውን አስቀመጥንና ከላይ የቀረውን ጥሩ ውሃ ወሰድን። በውሃው ውስጥ ላንታነም ቀርቶ እንደሆነ የሚናገር አርሴናዞ የሚባል ቀለም አለ፤ ላንታነም ከሌለ ሮዝ ሆኖ ይቀራል፣ ካለ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይዞራል። የቀረውን ስፔክትሮፎቶሜትር በቁጥር ይነግራል። እኛ ግን ቁጥሩን ሳናይ በዓይናችን አወቅነው። ሰባቱን በመስኮቱ ደፍ ላይ ስንደረድራቸው ከግራ አረንጓዴ ጀምረው እየፈዘዙ እየፈዘዙ ወደ ቀኝ ሮዝ ሆኑ። እንዴት ያምር ነበር!

ግራፉም አማረ። በአሲዱ በኩል ዝቅ ብሎ ይነሣል፣ መሐል ላይ ሽቅብ ይወጣል፣ በ8ና በ9 ላይ ከጣሪያው ይደርሳል። ልክ መጽሐፉ ላይ እንዳለው። ደስ አለን፣ ለምን እንዋሻለን። መደምደሚያውን በዚያው ማታ ጻፍነው፤ የቦምቦውሃ ካኦሊን ብርቅዬ አፈሮችን አጥብቆ የሚይዝ ስለሆነ የፋብሪካ ፍሳሽ ለማጽዳት ሊውል ይችላል አልን። አማካሪያችን አይተው ወደዱት፤ ለክፍሉ ኤግዚቢሽን በትልቅ ወረቀት ተሥሎ እንዲለጠፍ አዘዙ። (በመረሬውም ሞክረን ነበር። መረሬው ያቀረብንለትን ሁሉ ዋጠ። ግን በውስጡ የበሰበሰ ቅጠልም፣ ብረትም፣ ሌላም ሌላም ስላለ የዋጠው ሸክላው ይሁን ሌላው መለየት አልቻልንም፤ ተውነው።)

በላብራቶሪው ውስጥ ዕቃ የሚያስረክቡና ብልቃጥ የሚያጥቡ አንድ ሰው አሉ። ስማቸውን አንጽፍም፤ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ብዙ የጥናት ቡድን በእጃቸው አልፏል። ግራፉን በትልቁ ወረቀት ላይ ስንሥል ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው መጡና ቆመው አዩት።

«ልጆች፣ ሸክላ የሌለበት የታለ?» አሉን።

«ምኑ ጋሼ?»

«ብልቃጡ ነዋ። ውሃው ያው፣ መድኃኒቱ ያው፣ ሸክላ ብቻ የሌለበት።»

«ሸክላ ከሌለበት ምን ይይዛል ብለው ነው ጋሼ?» አለ ከእኛ አንዱ፤ ትንሽም ፈገግ ብሎ ነበር። ያቺን ፈገግታ ዛሬ ስናስባት ታሳፍረናለች።

«እኔ ምን አውቅላችኋለሁ። ሸክላው ነው የያዘው ስትሉ ሰማሁና ነው» ብለው ሄዱ።

ሌላ ሰባት ብልቃጥ አጠብን። ያለ ሸክላ። ሌሊቱን ደግመን ነቀነቅን። ከ3 እስከ 6 ያሉት አረንጓዴ ሆነው ቀሩ፤ እሰየው አልን። ሰባተኛው ፒኤች ላይ ትንሽ ፈዘዝ አለ። 8 ላይ ይበልጥ ፈዘዘ። 9 ላይ ሮዝ ሆነ። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንሥተን ብናየው ከታቹ እንደ እርጎ ጭላጭ ያለ ስስ ነጭ ነገር ተኝቷል። ሸክላ የሚባል ነገር አልገባበትም፤ ላንታነሙ ግን የለም። ያ ከጣሪያ የደረሰው የግራፋችን ጫፍ፣ ያ የጨበጨብንለት፣ ሸክላው የያዘው ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ያን ማታ ተጣላን። ሪፖርቱ የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነው። ከእኛ አንዱ ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ዲግሪውን በሐምሌ ካላሳየ ቦታው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ተነግሮታል። ሌላው «ማን ይጠይቀናል? እሳቸውም አልጠየቁም» አለ። እሳቸው ያላቸው አማካሪያችንን ነው። ሦስተኛው የበለጠ ብልጥ ነበር፤ «እንዲያውም ግራፉ ውሸት የለበትም፤ ላንታነሙ ከውሃው ጠፍቷል፣ ጠፋ ነው ያልነው» አለ። ይህ አነጋገር ለጥቂት ጊዜ ሁላችንንም አሳረፈን። ቀጥሎ ግን ከእኛ አንዷ ወረቀቱን ዘርግታ አየችውና «ግራፉ እውነት ነው፤ ርእሱ ነው ውሸቱ» አለች። ርእሱ «በካኦሊን የተያዘ ላንታነም» ይል ነበር። ማንም አልመለሰላትም። ሁለት ቀን ያህል ስለ ሌላ ነገር ብቻ ተነጋገርን፤ ምግብ አዳራሽም የተለያየ ጠረጴዛ ነው የተቀመጥነው።

የታረቅነው በጨው ነው። ሐሳቡ ከማንኛችን እንደመጣ ዛሬ አናስታውስም። በየብልቃጡ ሥር የቀረውን ሸክላ አልጣልነውም ነበርና፣ አውጥተን በአሞኒየም ሰልፌት ውሃ አጠብነው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጋቢውን ሳያወልቅ ደጃፍ የተቀመጠው ላንታነም አሞኒየሙ በብዛት ሲመጣበት ይነሣል፤ ጠርዙ ላይ የተያያዘውና የዘቀጠው ግን እምብዛም አይነቃነቅም። በዚያው ቀለም ፈተንነው። ከፒኤች 4ና 5 የመጣው ሸክላ ሲታጠብ ውሃው ቦግ ብሎ አረንጓዴ ሆነ፤ የያዘውን አብዛኛውን መለሰ ማለት ነው። ስድስተኛው ከፊሉን። 8ና 9 ምንም አልመለሱ ማለት ይቀላል። እንግዲህ ካኦሊናችን ሸክላ ሆኖ መያዙን ባረጋገጥንበት ቦታ የያዘው ላላ አድርጎ ነው፤ ጠበቅ አድርጎ በያዘ በመሰለን ቦታ ደግሞ የያዘው እሱ መሆኑን አናረጋግጥም። የመደምደሚያችን ሁለቱም እግሩ ተቆረጠ። በዚህ አፈር ፍሳሽ ቢጣራ፣ ከዚያ አንድ ቀን ጨው ያለበት ውሃ ቢያልፍበት፣ የተጠራቀመው ሁሉ ተመልሶ ወንዝ ሊገባ ይችላል።

ጂያንግሺን አስታውሱልን ብለን ነበር። በዚያው በካኦሊኑ ክፍለ ሀገር፣ በደቡቡ በኩል፣ በጋንጆው አካባቢ ባሉት ቀያይ ኮረብቶች እ.ኤ.አ. በ1969 አንድ ነገር ታወቀ። አገሩ ሙቀትና ዝናብ የማይለየው ነው፤ ግራኒቱ በዘመናት ብዛት በስብሶ ሸክላ ሆኗል፤ ከድንጋዩ የወጡት ብርቅዬ አፈሮችም ከሚወርደው የዝናብ ውሃ ጋር ሰርገው በዚያ ሸክላ ገጽ ላይ ቀርተዋል። እንዴት ቀሩ ቢባል፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ ደጃፍ ላይ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ጥናት የማዳጋስካርንና የቻይናን እንዲህ ያለ አፈር በኤክስሬይ መርምሮ በዙሪያቸው ስምንትና ዘጠኝ ሆኖ የከበበው ውሃ እንዳልተለያቸው አሳይቷል። መጠናቸው ብዙ አይደለም፤ በአንድ ቶን አፈር ውስጥ ከግማሽ ኪሎ እስከ ሁለት ኪሎ ቢገኝ ነው። ሌላ ማዕድን በዚህ መጠን ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ይህኛው ግን ድንጋይ መፍጨትም፣ እሳትም፣ ብርቱ አሲድም አይፈልግም። ጨው ብቻ ነው የሚፈልገው። በመጀመሪያ የምግብ ጨው፣ በኋላም እኛ ሸክላችንን ያጠብንበት አሞኒየም ሰልፌት።

እኛ በብልቃጥ ያደረግነውን እነሱ በኮረብታ አደረጉት። መጀመሪያ ዛፉን መንጥረው አፈሩን እየዛቁ በገንዳ አጠቡት፤ ኋላም አፈሩን ሳይዝቁ ኮረብታውን ከላይ እየበሱ የጨው ውሃ አጠጡት፣ ከሥሩም የሚወጣውን ለቀሙ። ለአንድ ላንታነም ሦስት አሞኒየም ነው ምትኩ፤ ቻርጁ ሦስት ነውና። ብርቅዬ አፈሮቹ ሲወጡ አሞኒየሙ በቦታቸው ይቀመጣል፣ የተረፈውም ከዝናቡ ጋር ወደ ምንጩና ወደ ሩዝ ማሳው ይወርዳል። አሞኒየም ሰልፌት በልኩ ሲሆን የእርሻ ማዳበሪያ ነው፤ በዚያ ብዛት ግን ውሃውን ይመርዛል። ከሥር እየራሰ የላላው ኮረብታም የተናደበት ጊዜ አለ። ዲስፕሮሲየምና ተርቢየም የሚባሉት፣ በኤሌክትሪክ መኪናና በነፋስ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ማግኔቱ በሙቀት እንዳይደክም የሚጨመሩት ከባዶቹ ብርቅዬ አፈሮች፣ በብዛት የመጡት ከእንዲህ ያለው ሸክላ ነው። ቻይና ቁጥጥሩን ስታጠብቅ ሥራው ድንበር ተሻግሮ በምያንማር በካቺን ክፍለ ሀገር ተስፋፋ፤ በዚያም ያው የጨው ውሃ፣ ያው የተበሳ ኮረብታ። ይህን ሁሉ ስናነብ በእጃችን ያለውን ሮዝና አረንጓዴ ብልቃጥ ሌላ ዓይነት ዓይን አየነው። ሸክላው አጥብቆ ይዞ ቢሆን ኖሮ እነዚያን ኮረብታዎች ማን ይነካቸው ነበር?

ሌላም ወገን አለ፤ ሸክላው አጥብቆ እንዲይዝ የሚጸልይ። በፊንላንድ ኦንካሎ በሚባለው ስፍራ፣ ከመሬት በታች ከ400 ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት፣ ከአቶም ኃይል ማመንጫዎች የወጣውን አደገኛ ቅሪት በመዳብ ዕቃ ከትተው ዙሪያውን ቤንቶናይት በሚባል ሸክላ ለመጠቅጠቅ ዋሻ ቆፍረዋል። ቤንቶናይት ከመረሬያችን ጋር የአንድ ዘር ልጅ ነው፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል። በቅሪቱ ውስጥ ያለው አሜሪሲየም የተባለው ጨረራማ ብረት በውሃ ውስጥ እንደ ብርቅዬ አፈሮች ሦስት ቻርጅ ስላለው፣ ተመራማሪዎች በእሱ ፈንታ ዩሮፒየምን ከሸክላ ጋር እየነቀነቁ ያጠናሉ። ልክ እንደኛ። እዚያ ቤት ውስጥ ሸክላ የሌለበት ብልቃጥ ቢረሳ ምን ይሆናል ብለን ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ተያየን።

ርእሱን ቀየርን። ሸክላ የሌለባቸውን ሰባቱን ነጥቦች በዚያው ግራፍ ላይ በቀይ አስቀመጥናቸው፤ የፍሳሹን መደምደሚያ ሰረዝን። አማካሪያችን አንብበው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። «ይህን ለምን በአባሪ አታደርጉትም?» አሉን መጀመሪያ። አይ አልን፣ በትሕትና። የኤግዚቢሽኑ ወረቀት ወረደ። ሙከራው ከ6 በላይ እንደገና ይሠራ ተባለ፤ በዚህ ላይ ፍርዳቸው ትክክል ነበር፣ ዛሬም አንቃወመውም። ግን ሁለት ወር ወሰደ። ሐምሌ አለፈ። ሥራውን ያገኘው ከእኛ አንዱ ቦታው ለሌላ ተሰጠ። አልተቆጨም ብንል አንባቢን እንዋሻለን፤ ተቆጭቷል፣ አሁንም አንዳንድ ማታ ይቆጨዋል፣ ያን ጊዜ ሁለታችን ዝም እንለዋለን።

ዕቃ ለመመለስ የሄድነው በነሐሴ ነው። ጋሼ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ቆጥረው ተቀበሉን። በውሃ አጥበናቸዋል ብንላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ብርጭቆ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ በአሲድ ነው» ብለው ቀጠን ያለ አሲድ አፍስሰው አሽከረከሩት። ከእኛ አንዷ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ሊደፉት ሲሉ «ጋሼ ይቆዩኝ» ብላ እጃቸውን ያዘች። የአሲዱን ኃይል አለዘብንና ከቀለሙ ሁለት ጠብታ ጣልንበት።

አረንጓዴ ሆነ። ፈዛዛ፣ ግን አረንጓዴ።

«ብርጭቆውም ይዞ ኖሯል» አለ ከእኛ አንዱ።

ጋሼ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩት። «ጻፋችሁት?» አሉ።

ሪፖርቱ ተጠርዞ ገብቶ ነበር። እዚህ ጻፍነው።